«ወደ ቀኝ ውጣ» ሲባል ወዴት ነው? የመድረክና የሙዚቃ ቃላት ለጀማሪ ክበብ

ጥያቄው የመጣው ከየካ አባዶ ነው። በጥቂቱ አሳጥሬዋለሁ።

«18 ልጆች ሆነን እዚሁ ሰፈር የቴአትርና የሙዚቃ ክበብ አቋቁመናል። ኪቦርድ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ አለን። አንድ የ40 ደቂቃ ድራማና 4 ዘፈን ይዘን ከወር በኋላ በሰፈሩ አዳራሽ እናቀርባለን። ልምድ ያለው ሰው ከመሃል ከተማ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ያሠለጥነናል። ቃላቱ ግን ግራ አጋብተውናል። ‹ወደ ቀኝ ውጣ› ሲለን ግማሻችን ወደ በሩ፣ ግማሻችን ወደ መስኮቱ እንሄዳለን። ዘፋኟና ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ‹ቅኝቱን ዝቅ አድርገው›፣ ‹አድርጌዋለሁ እኮ› እየተባባሉ ሊጣሉ ደርሰዋል። ከኢንተርኔት 200 የሚሆን የእንግሊዝኛ ቃል አውርደን ለሁሉም በትነናል፤ የሚያጠናው ግን የለም። በእንግሊዝኛ ነው የምናጠናው በአማርኛ? ፕሮፌሽናል ለመሆን ስንቱን ማወቅ አለብን?»

ዝርዝሩን ሰብስባችሁ አስቀምጡት። 200 ቃል መሸምደድ ከገባችሁበት ግራ መጋባት አያወጣችሁም። ልጆቹ «ቀኝ» ምን እንደሆነ ያውቃሉ። «ቅኝት»ንም ያውቃሉ። የሚያጋጫችሁ አንዱን ቃል ለሁለትና ለሦስት ነገር መጠቀማችሁ ነው። ይህ ቁጭ ብሎ በመስማማት ይስተካከላል። አንድ ከሰዓት ይበቃዋል።

ከኢንተርኔት የሚወርድ ዝርዝር ሌላም ጣጣ አለው። የእንግሊዞችና የአሜሪካኖች አጠራር ይደባለቅበታል። አሜሪካኖቹ «ኳርተር ኖት» የሚሉትን የሙዚቃ ኖታ ምልክት እንግሊዞቹ «ክሮቼት» ይሉታል፤ ነገሩ አንድ ነው። ልጆቻችሁ ሁለት ቃል ያጠናሉ፣ የሚያውቁት ግን አንድ ነገር ይሆናል። የድሮ እንግሊዝ ቴአትር ቤት ካልሠሩ በቀር የማያስፈልጓቸው ቃላትም ይገቡበታል።

አሁን ወደ ቀኝ እንምጣ። በመድረክ ሥራ ቀኝና ግራ የሚቆጠረው ከተዋናዩ ነው። ተዋናዩ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ሲቆም ቀኝ እጁ ባለበት በኩል ያለው የመድረኩ ቀኝ ይባላል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ያ በኩል ግራው ነው። አሠልጣኛችሁ የሚያዛችሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከሆነ፣ «ቀኝ» ሲል የመድረኩን ቀኝም የራሱን ቀኝም ሊል ይችላል። ልምድ ያለው ሰውም ሲቸኩል በራሱ እጅ ይቆጥራል። ወደ በሩ የሄዱት ልጆች አንዱን ትርጉም ይዘው ነው፣ ወደ መስኮቱ የሄዱት ሌላውን። ማንንም ጥፋተኛ አታድርጉ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ተዋናዩ ጀርባውን ለሕዝቡ ሲሰጥ ቀኝ እጁ ወደ ሌላው በኩል ይዞራል። የመድረኩ ቀኝ ግን አይዞርም፣ ባለበት ይቆያል። ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት ከዞሩ በኋላ ነው። ስለዚህ «ቀኝህ» እና «ቀኝሽ» የሚለውን ከአዳራሹ አስወጡት። «የመድረኩ ቀኝ» በሉ። ረዘም ይላል፣ ግን የሰው እጅ ውስጥ አይገባም።

ፈረንሳዮች ይህን ጣጣ ከሥሩ ነቅለውታል። ተዋናይ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ሂድ አይባልም። «ወደ ግቢው» ወይም «ወደ አትክልቱ» ነው የሚባለው። መነሻው ፓሪስ ውስጥ ቱይልሪ የተባለው ቤተ መንግሥት ቴአትር ቤት ነው። በአንዱ ጎኑ የቤተ መንግሥቱ ግቢ፣ በሌላው የአትክልት ስፍራው ነበር። ቤተ መንግሥቱ በ1871 እ.ኤ.አ. ተቃጠለ። ቃሉ ግን እስከ ዛሬ በፈረንሳይ መድረኮች ሁሉ ይሠራል። ጥበባቸው ይገባኛል፦ ግድግዳ አይዞርም።

ለእናንተም በርና መስኮት አለላችሁ፣ እንደነሱ ብታደርጉስ? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይጠቅማችኋል። «የመድረኩ ቀኝ፣ የበሩ በኩል» እያላችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ተናገሩ። በሩ በግራ ከሆነ ደግሞ እንደዚያው። ብቻውን ግን አትመኑበት። ነገ ትምህርት ቤት ወይም ክፍለ ከተማ አዳራሽ ብትጋበዙ በሩ ሌላ ቦታ ነው። በሁለት ወረቀት ላይ «ቀኝ» እና «ግራ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። ተዋናዮቹ ከመድረክ ሆነው እንዲያነቡት በሁለቱ ጎን ለጥፉት። የትርኢቱ ቀን ታነሱታላችሁ።

«ውጣ» የሚለውም ቃል ሁለት ትርጉም አለው። በአማርኛ «መድረክ ላይ ወጣ» ማለት ሕዝብ ፊት ቀረበ ማለት ነው። ድራማ ላይ ደግሞ «ይወጣል» ሲባል ከመድረክ ሄዶ ተሰወረ ማለት ነው። ከመጋረጃ ጀርባ ያለ ልጅ «ውጣ!» ሲባል መድረኩ ላይ ብቅ ቢል አይፈረድበትም። ለልምምዱ እንዲህ ወስኑ፦ «ግባ» ማለት ከጀርባ ወደ መድረክ፣ «ውጣ» ማለት ከመድረክ ወደ ጀርባ። «ወደ መድረክ ይውጡልን» የሚለው ለክብር እንግዳ ይቅር።

ላይና ታችም እንደዚያው ነው። በእንግሊዝኛ የመድረኩ የኋላ ክፍል «አፕስቴጅ»፣ ለሕዝቡ የቀረበው «ዳውንስቴጅ» ይባላል። የድሮ የአውሮፓ መድረኮች ወለላቸው ወደ ኋላ ከፍ እያለ የሚሄድ ስለነበር ነው። ወደ ኋላ መሄድ በእርግጥም ዳገት መውጣት ነበር። የእናንተ አዳራሽ ወለሉ ልሙጥ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። እዚያ ላይ «ወደ ላይ» ቢባል ልጁ ጣሪያውን ቢያይ አይገርምም። «ወደ ፊት»ም አይበቃም፤ ፊቱ ወዴት እንደዞረ ይወስነዋል። «ወደ ሕዝቡ» እና «ወደ መጋረጃው» በሉ። ሕዝቡ አንድ ቦታ ነው፣ መጋረጃውም አንድ ቦታ ነው። አሠልጣኛችሁ «ዳውንስቴጅ» ሲል «ወደ ሕዝቡ» ማለቱ እንደሆነ ብቻ እወቁ።

ማን ወዴት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚቀመጥ አንዴ ከተወሰነ ውሳኔው «ብሎኪንግ» ይባላል። የአማርኛ ምትክ ፈልጋችሁ አትድከሙ፣ ሁሉም በዚሁ ነው የሚጠራው። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ብሎኪንግ የሚጻፈው በእርሳስ ነው፣ በስክሪፕቱ ዳር ላይ፣ ከቃለ ተውኔቱ ትይዩ። ይቀየራልና እስክሪብቶ አትጠቀሙ። ሁለተኛ፣ ከተወሰነ በኋላ ተዋናዩ በስሜት ተነስቶ ሌላ ቦታ መቆም አይችልም። መብራቱ የሚጠብቀው እዚያ ነው። ጓደኛውም የሚዞረው ወደዚያ ነው። ስሜቱን በድምፁና በፊቱ ያውጣው፣ እግሩ ግን በተባለበት ይቁም።

የሰዎቹ ስም ላይም ተጠንቀቁ። «አዘጋጅ» በቴአትር ዳይሬክተሩ ነው፤ ድርሰቱን ወደ መድረክ የሚያመጣው ሰው። የወረዳው ሰውዬ ግን «የዝግጅቱ አዘጋጅ ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ አዳራሹን ያስፈቀደውንና ወንበር የተከራየውን ሰው ፈልጎ ነው። ለአንዱ «ዳይሬክተር»፣ ለሌላው «አስተባባሪ» ብትሉ ይቀላል። ሙዚቃው ላይ መሣሪያዎቹ መቼ እንደሚገቡና ምን እንደሚጫወቱ የሚወስነው «አቀናባሪ» ነው። ዜማውን ከፈጠረው ሰው ይለያል። «የመድረክ መሪ» ደግሞ ማይክ ይዞ ፕሮግራሙን የሚያስተዋውቀው ነው።

የሚጎድላችሁ ዋና ሰው ስቴጅ ማናጀር ነው። ከተዋናዮቹ አንዷ ወይም አንዱ መሆን የለበትም። ስክሪፕቱን ይዞ ከመጋረጃው ጎን የሚቆም፣ መብራትን፣ ድምፅንና መግቢያን የሚያዝ ሰው ነው። ትርኢቱ ከተጀመረ በኋላ ትእዛዝ የሚሰጠው እሱ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩም ቢሆን ያን ማታ ቁጭ ብሎ ያያል። በሙያው ደንቡ ይሄው ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ሰው ካዘዘ መብራት የያዘው ልጅ የትኛውን ይስማ? ከ18ቱ ውስጥ ብዙ የማያወራውንና ሰዓት የሚያከብረውን ልጅ ምረጡ። ትወና የሚወደውን አትምረጡ፤ ትርኢቱን እያየ ይረሳዋል።

የስቴጅ ማናጀሩ ዋና መሣሪያ ምልክት ነው፣ «ኪው» የሚባለው። አንድ ነገር እንዲሆን የሚያደርግ ቃል ወይም ድርጊት ማለት ነው። ለምሳሌ እናትየው ቡና ቀድታ ሲኒውን ረከቦቱ ላይ ስታስቀምጥ በሩ ይንኳኳል እንበል። ምልክቱ ሲኒው ረከቦቱን መንካቱ ነው። ግን በሩን የሚያንኳኳው ልጅ ከመጋረጃ ጀርባ ነው ያለው፣ ሲኒውን አያየውም። ከጀርባ ሆኖ በግምት ሲያንኳኳ አንዴ ቀድሞ፣ አንዴ ዘግይቶ ይመጣል። ሲዘገይ እናትየው ሲኒውን አስቀምጣ በሩን ትጠብቃለች፣ ሕዝቡም ይገባዋል። ስለዚህ ወይ ምልክቱን በጆሮ የሚሰማ አድርጉት፣ ለምሳሌ «ጠጡ እንጂ» የሚለውን ቃሏን፤ ወይ ስቴጅ ማናጀሩ አይቶ ይዘዘው። ምልክት ስትመርጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህንን ነው፦ የሚሠራው ሰው ከቆመበት ያየዋል ወይስ ይሰማዋል?

ትእዛዙ ሁለት ደረጃ አለው፤ ማዘጋጀትና ማስጀመር። «ዝግጁ፣ መብራት 7» ይባላል። ልጁ እጁን ቁልፉ ላይ ያደርጋል። ቦታው ሲደርስ «መብራት 7፣ ጎ»። «ጎ» ያልኩት ለፈረንጅ አፍ ብዬ አይደለም። «በል» ወይም «ሂድ» በየደቂቃው ከአፋችን ይወጣል፣ ከጀርባ ሆናችሁ «በል እሺ» ስትሉ መብራቱ ሊበራ ይችላል። «ጎ» በወሬ መሃል አይመጣም። «ዝግጁ» ደግሞ ለወንድም ለሴትም ለብዙም አይቀየርም። ምልክቶቹን በሙሉ ከ1 ጀምራችሁ ቁጥር ስጧቸው፣ ስክሪፕቱ ላይም ጻፏቸው። ከዚያ በኋላ ከመጋረጃ ጀርባ «ጎ» የሚለውን ቃል ለሌላ ነገር መጠቀም ክልክል ነው።

መብራት ላይ የኛ አገር የራሱ ችግር አለ። «መብራት ጠፋ» ሲባል ሁላችንም ቆጣሪውን ነው የምናስበው። መድረክ ላይ ግን ሆን ተብሎ የሚጠፋ መብራት አለ፣ ትዕይንት ለመቀየር። ሁለቱ በአንድ ቃል ከተጠሩ ከጀርባ ያሉት ልጆች በጨለማ ቆመው «ይሄ የኛ ነው የመብራት ኃይል?» ይባባላሉ። የታቀደውን «ጨለማ» በሉት፤ «ዝግጁ፣ ጨለማ 3»። ያልታቀደውን «ኤሌክትሪክ ሄደ» በሉ። ኤሌክትሪክ ሲሄድ ሁሉም ባለበት እንዲቆም አሁኑኑ ተስማሙ። በጨለማ መድረክ ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው ይወድቃል። ስቴጅ ማናጀሩ ባትሪ በኪሱ ይያዝ።

ከዚሁ ጋር አንድ ቃል ለደህንነት ብቻ አስቀምጡ። «ቁም!» ይሁን። ይህን ማንም ይበለው ማን፣ ትንሹም ልጅ ቢሆን፣ ሁሉም ይቆማል። የተላጠ ገመድ ያየ፣ ሊወድቅ ያለ ግንብ ወይም ጠረጴዛ ያየ ይጠቀምበታል። ለልምምድ ማቋረጫ «እንመለስ» በሉ እንጂ «ቁም» አትበሉ። ቃሉ ከረከሰ የሚያስፈልግ ቀን አይሰማም።

«አይሰማም!» የሚለው የአሠልጣኝ ጩኸትም ሊተነተን ይገባዋል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ጉሮሯቸውን ከፍተው ይጮኻሉ። ሲጮኹ ቃላቱ ይበላሻሉ፣ በማግስቱም ድምፃቸው ይዘጋል። የሚፈለገው ድምፁ ከሆድ ትንፋሽ ተነስቶ ኋላ ወንበር እንዲደርስና የቃሉ መጨረሻ እንዳይዋጥ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ጀማሪ ተዋናይ ደግሞ ትንፋሹ የሚያልቅበት እዚያው ነው። «አልወድህም» ይሁን «እወድሃለሁ» ሳይታወቅ ይቀራል። ስለዚህ «ጩህ» ከማለት «መጨረሻውን አድርስ» በሉ። አዳራሹ ቆርቆሮ ከሆነና ዝናብ ከመጣ ግን ይህም አያድንም። ዝናቡ እስኪያባራ ማቆም ነው፣ ወይም ዘፈን ማስገባት።

የቀሩት የቴአትር ቃላት ብዙ አያከራክሩም። ገቢር ትልቁ ክፍል ነው፣ ትዕይንት በውስጡ ያለው ትንሹ። የ40 ደቂቃ ድራማ ትዕይንት ይበቃዋል። በእጅ የሚያዝ ነገር ቁሳቁስ ነው፣ የሚለበስ አልባሳት፣ ቆሞ የሚያድር የመድረክ ግንባታ። ነጠላ ለብሳው ከገባች አልባሳት ነው፤ አውልቃ ለልጇ የምታለብሰው ከሆነ የቁሳቁስ ኃላፊውም ያውቀው ዘንድ በዝርዝሩ ይግባ።

ሙዚቃው ላይ ጠለቅ ማለት ያስፈልጋል። «ቅኝት» በእኛ ሙዚቃ ቢያንስ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የምንላቸው አምስት አምስት ድምፅ ያላቸው አሰላለፎች ቅኝት ይባላሉ። ሁለተኛ፣ ክራር ያለው ልጅ ጅማቱን ሲያጠብቅና ሲያላላ «እየቃኘ ነው» ይባላል። እናንተ ደግሞ ሦስተኛ ሥራ ሰጥታችሁታል፦ ዘፈኑ የሚነሳበትን ከፍታ። እሱ «ኪ» ነው። ዘፋኟ «ቅኝቱን ዝቅ አድርገው» ስትል የዘፈኑን ኪ ማለቷ ነው፤ ለጉሮሮዋ ቀጥኖባታል። ኪቦርድ የያዘው ልጅ ምን እንደሰማ ከዚህ ሆኜ አላውቅም፣ ግን ቢያንስ ሦስት ነገር ሊሰማ ይችላል።

በምሳሌ እንየው። ሜጀር ትዝታን ከሲ ብንጀምር ድምፆቹ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ናቸው። ይህንኑ ከኤ ብንጀምረው ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ ይሆናል፤ ሻርፕ ማለት ግማሽ ድምፅ የቀጠነ፣ ፍላት ግማሽ ድምፅ የወፈረ ነው። ድምፆቹ ተቀየሩ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ያው ነው። ስለዚህ አሁንም ትዝታ ነው፤ የተቀየረው የዘፈኑ ኪ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ወደ መጀመሪያው እንመለስና ኢንና ኤን ግማሽ ግማሽ ድምፅ ብቻ ዝቅ እናድርጋቸው። ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ሆነ። መነሻው አልተነካም፣ ግን ሜጀሩ ትዝታ ማይነር ሆኗል፤ የዘፈኑ ስሜት ሌላ ነው። ኪቦርድ ያለው ልጅ «ቅኝቱን ዝቅ አድርጌዋለሁ» ሲል ይህን አድርጎ ከሆነ እውነቱን ነው። እሷም እውነቷን ነው። ዘፈኑ ግን አልቀለላትም።

ኪ ሲቀየር መሣሪያዎቹ እኩል አይቸገሩም። ኪቦርድ ትራንስፖዝ የሚል ቁልፍ አለው፣ በሰከንድ ይቀየራል። አደጋው ለሚቀጥለው ዘፈን መመለሱን መርሳት ነው፤ ከእያንዳንዱ ዘፈን በፊት ይታይ። ክራር እንደገና መቃኘት አለበት፣ ጅማቶቹም አዲሱን ውጥረት እስኪለምዱ ይሸሻሉ። ዋሽንት ግን ጭራሽ አይቃኝም። ቀዳዳው አንዴ ተበስቷል፤ ለሌላ ኪ ሌላ ዋሽንት ነው የሚያስፈልገው። ለዚህ ነው ዋሽንት ነፊዎች የተለያየ ርዝመት ያላቸው ብዙ ዋሽንቶች ይዘው የሚዞሩት። እናንተ አንድ ካላችሁ ዋሽንት ያለበትን ዘፈን ኪ የሚወስነው ዋሽንቱ ነው፣ ዘፋኟ ትከተለዋለች። ካልሆነላት ዋሽንቱን ከዚያ ዘፈን አውጡት። ክራር ያለባቸውን ዘፈኖች ደግሞ ተመሳሳይ ኪና ቅኝት ያላቸውን አከታትሉ። ሕዝብ ፊት ክራር ሲቃኝ የሚያልፈው ጊዜ በጣም ይረዝማል።

እዚህ ላይ በጣም የምፈራላችሁ አንድ ነገር አለ። ከላይ «ሲ» ስል በፊደል አጠራር ነው፣ ከኪቦርዱ ሁለት ጥቁር ቁልፎች በስተግራ ያለውን ነጭ ቁልፍ። ዶ ሬ ሚ ብሎ የተማረ ሰው ያንን «ዶ» ይለዋል። እሱ «ሲ» ሲል የሰባተኛው ድምፅ ስም ነው፣ በፊደል አጠራር «ቢ»። ሁለቱ «ሲ»ዎች በኪቦርድ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፣ በግማሽ ድምፅ ይለያያሉ። አንዱ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ከጀመረ ጆሮ የሚያሳክክ ነገር ይወጣል፣ ሁለቱም «ሲ ነው የተባልኩት» ይላሉ። አንዱን አጠራር ምረጡ። እኔ ፊደሉን እላችኋለሁ፤ ኪቦርድ ያለው ልጅ በስልኩ የሚያገኛቸው ኮርዶች በሙሉ በፊደል ናቸውና። ዶ ሬ ሚ የለመደው ልጅ ለወር ያህል ይቻለው።

«ከፍ» እና «ዝቅ»ንም ከሙዚቃው ልምምድ አስወጧቸው። «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» ስትባል ጠንክራ ትዝፈን ወይስ ቀጭኑን ትያዝ? አማርኛ ለዚህ ጥሩ ቃል አለው። ለከፍታው «ቀጭን» እና «ወፍራም» በሉ። ለጉልበቱ «ጨምሪ» እና «ቀንሺ»። እናቶቻችንም እንደዚህ ነው የሚሉት፣ ማንም አይሳሳተውም። ዘፋኟ «አይሰማኝም» ስትልም ጠይቋት። ለራሷ ካልተሰማት ወደ እሷ የዞረውን ስፒከር፣ ሞኒተሩን ጨምሩ። ለሕዝቡ ካልተሰማ ዋናውን ስፒከር። ማይኩ ማፏጨት ሲጀምር ደግሞ ብዙ ጊዜ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ እየተቀበለ ነው። ማይኩን ከስፒከሩ ኋላ አቁሙት እንጂ ፊት ለፊቱ አታምጡት።

ፍጥነትና ምትም ይለያያሉ። ፍጥነት በደቂቃ ስንት ጊዜ ይመታል የሚለው ነው፤ ስልክ ላይ በነጻ የሚወርድ ሜትሮኖም ይነግራችኋል። ምት አመታቱ፣ አሰካኩ ነው። ችክችካ በሚባለው ምት ላይ ግን ቁጥሩ ሊያጣላችሁ ይችላል። በአንድ ዙር 6 ትናንሽ ምት አለ፣ ሦስት ሦስት ሆነው 2 ትልልቅ ምት ይሠራሉ። ከበሮ የሚመታው ልጅ ትልቁን ቆጥሮ 100 ሲል፣ ሌላው ትንሹን ቆጥሮ 300 ይላል። ዘፈኑ ግን አንድ ነው። እግር መሬት የሚመታበትን፣ ትልቁን ቁጠሩ። አራቱም ዘፈኖች ፍጥነታቸው በቁጥር ይጻፍ፤ ሕዝብ ፊት ሲቆም ልብ ይሮጣል፣ ዘፈኑም አብሮ ይሮጣል።

እንግሊዝኛ ወይስ አማርኛ ላላችሁት፣ ሁለቱንም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት ሲጽፉ ርዕሱ ላይ «ኮሜዲያ» የሚል ቃል አስገብተዋል። በ1927 ዓ.ም. የተነሳው ሀገር ፍቅርም ዘፈኑን፣ ውዝዋዜውንና ቴአትሩን በአንድ መድረክ ነው ያሳደገው። ቃላቱ የተቀላቀሉት ያኔ ነው። «ትዕይንት» የኛ ነው፣ «ቴአትር» የመጣ ነው፣ ሁለቱም ቤተኛ ሆነዋል። አንድ ቃል ፕሮፌሽናል የሚሆነው ሁሉም ሰምተው አንድ ነገር ሲያደርጉ ነው።

ስለዚህ የምመክረው ይህ ነው። ከላይ ካነሳኋቸው ውስጥ 20 ቃል የማይሞላ ምረጡ። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ከጎኑ ምን እንደሚደረግ በአጭሩ። ትርጓሜ አትጻፉ፣ ድርጊት ጻፉ፦ «ወደ ሕዝቡ፦ ወደ ተመልካቹ ተራመድ»። ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ያለ ድራማ ተለማመዱት። ስቴጅ ማናጀሩ ይዘዝ፣ 18ታችሁም መድረክ ላይ ሆናችሁ ሂዱ፣ ዙሩ፣ ግቡ፣ ውጡ። ጀርባ ሰጥታችሁም ሞክሩት። የሚጋጭ እስከማይኖር ድረስ። ልምምድ ላይ አንዱ የድሮውን ቃል ሲጠቀም አትሳቁበት፣ አትለፉትም። በአዲሱ ደግሞ ይበለውና ይቀጥል።

የማይሆነውንም ልንገራችሁ። ይህ ወረቀት ደካማ ድርሰት አያጠነክርም፣ ቃሉን ላልያዘ ተዋናይም አይደርስለትም። በወር ውስጥ የሚሰጣችሁ ቢኖር በመጋጨት የሚባክነውን የልምምድ ሰዓት መልሶ ማግኘት ነው። ድምፅ መሣሪያ የምትከራዩት ሰው ደግሞ የራሱን ቃላት ይዞ ይመጣል። ከትርኢቱ በፊት ባለው ቀን ጠርታችሁ ከስቴጅ ማናጀሩ ጋር አስቀምጡት።

አሠልጣኛችሁን በተመለከተ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልምምድ ሳይጀመር ወረቀቱን አሳዩት። የሚያሠለጥናችሁ በፈቃዱ ነውና በአክብሮት ይሁን፤ «እርስዎ ሲሉ ምን ማለትዎ እንደሆነ በዚህ ላይ ያርሙልን» በሉት። «ቀኝ» የራሱ ነው የመድረኩ፣ መጀመሪያ እሱን ጠይቁት። «ስቴጅ ራይት» ማለት ይሻለኛል ካለ ይበል፣ «የመድረኩ ቀኝ» ከሚለው ጎን ጻፉለት። ያን ቀን የተጻፈው እስከ ትርኢቱ ማታ አይቀየርም፣ እሱም እናንተም።